መጀመሪያ መሣሪያው ስንት እንደሚበላ እንወቅ

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከሸዋ ሮቢት ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ተዋጥተን አንድ ያገለገለ የፕላስቲክ ካያክ ገዝተናል። ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ድረስ እየወሰድን ዓሣ እናጠምድበታለን። በቅርቡ አሜሪካ ያለችው እህቴ ባለ 5 ኢንች የዓሣ መፈለጊያ፣ ፊሽ ፋይንደር የሚሉትን፣ ድምፅ ወደ ውሃው እየላከ ዓሣውን ስክሪን ላይ የሚያሳየውን፣ በሰው ላከችልኝ። ባትሪ ግን የለውም። አሁን ሁሉም የየራሱን ይመክረኛል። ደብረ ብርሃን ያለ ባለሱቅ ‹የመኪና ባትሪ ግዛ፣ ሳምንት ያቆይሃል› አለኝ። ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ ከዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ከሚያቆየው ሣጥን፣ የወጣ ባትሪ በነጻ ልስጥህ ይላል። ባጃጅ የሚሠራው ጎረቤታችን ደግሞ ‹የላፕቶፕ ባትሪ ፈትተን እንበይድልሃለን› አለ። እህቴ ሊቲየም ልላክልህ ብላለች፤ ግን አውሮፕላን ላይ ይከለከላል ሲሉ ሰማሁ። እናቴ ጭራሽ ‹ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ! ልትሞት ነው!› ብላ ቤቱን አመሰችው። የቱን ልያዝ? እንዴትስ ልግጠመው? ስልኬንስ ቻርጅ ላደርግበት እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከእናትህ ልጀምር። ሰው የሚገድለው ግድግዳችን ውስጥ ያለው 220 ቮልት ነው። የ12 ቮልት ባትሪ ሁለቱን ጫፍ በእርጥብ እጅህ ብትይዝ እንኳ አይገድልህም። እጅህ ላይ ቁስል ካለ ቆንጠጥ ያደርግህ ይሆናል፣ በቃ። የ12 ቮልት አደጋው ሌላ ነው፤ እሳት ነው። እመለስበታለሁ። እናትህ መፍራት ካለባት ግን ሐይቁን ትፍራ። ሐይቅ ጥልቅ ነው። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሳትለብስ ካያኩ ላይ እንዳትወጣ። ይህን ቃል ግባላትና ስለ ባትሪው ተዋት።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ሰው ሁሉ ስለ ባትሪ መክሮሃል። «መሣሪያው ስንት ይበላል?» ብሎ የጠየቀህ ግን የለም። ሌላው ሁሉ የሚከተለው ከዚያ ነው።

ከመሣሪያው ጋር የመጣችውን መመሪያ ግለጥ። መጨረሻው አካባቢ ሰንጠረዥ አለ። ሁለት ነገር ፈልግ። አንደኛ፣ ከስንት እስከ ስንት ቮልት እንደሚቀበል። ሁለተኛ፣ በ12 ቮልት ስንት አምፒር እንደሚስብ። ባለ 4 እና ባለ 5 ኢንች ቀላል መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ እስከ ግማሽ አምፒር ነው የሚስቡት። ከ7 ኢንች በላይ የሆኑት፣ ካርታና የጎን ምስል ያላቸው፣ ወደ 1 አምፒር ይጠጋሉ፤ የሚያልፉም አሉ። ያንተን ግማሽ አምፒር ብለን እንያዘው። ከዚያ ቢያንስ እንጂ ብዙም አይበልጥም። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ብታደርግ ፍጆታው ይቀንሳል፤ ነገር ግን በቀትር ፀሐይ ዝቅ ያለ ስክሪን ላይ ምንም አይታይም። ስለዚህ በሙሉ ብርሃን አስላው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረህ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ውሃው ላይ ብትቆይ ስምንት ሰዓት ነው። ግማሽ አምፒር ሲባዛ በስምንት ሰዓት፣ 4 አምፒር ሰዓት። የቀን ቀለብህ ይቺው ናት። በጾም ወቅት ዓሣ ፈላጊ ሲበዛ እስከ ማታ ትቆይ ይሆናል (ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቻለሁ)፤ ያኔም ቢሆን ከ6 አይዘልም።

ባትሪው ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ሁሉም ያንተ አይደለም። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ፣ ደረቅ ባትሪ የምንለው የታሸገውም ጭምር፣ ከግማሽ በታች ደጋግመህ ካወረድከው ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ 4 ለማግኘት 8 መግዛት አለብህ። ሊቲየሙ ከተጻፈበት 80 በመቶውን ያለ ሐሳብ ይሰጥሃል። ለእሱ 5 ወይም 6 ይበቃል፤ 7 ካገኘህ ትርፍ አለህ።

እንግዲህ ይህን ይዘን መካሪዎችህን አንድ በአንድ እንያቸው።

የባለሱቁ የመኪና ባትሪ ይቅር። ባለ 50 ወይም ባለ 60 አምፒር ሰዓት ነው፤ አንተ የምትፈልገው 8 ነው። ከ12 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ያን ያህል ክብደት ትንሽ ካያክ ላይ አንዱ ጋ ተቀምጦ ሚዛን ያናጋል። ደግሞ የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ይሰጥና ወዲያው በዲናሞው ይሞላል። ቀስ እያለ ቀኑን ሙሉ ሲመጠጥ ውስጡ ያሉት ስስ ሰሌዳዎች ይጎዳሉ። ክዳን ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ካያኩ ሲያጋድል አሲዱ ይፈሳል። አሲድ እግርህ ሥር ይዘህ ዓሣ ማጥመድ ምን የሚሉት ነው? ባለሱቁ ክፉ አስቦ አይደለም። ያለውን ነው ሊሸጥልህ የፈለገው።

የጎረቤትህ የላፕቶፕ ባትሪም ይቅር። ይህንን ጠንከር አድርጌ ነው የምለው። ላፕቶፕ ውስጥ ያሉት ሲሊንደር መሳይ ሴሎች እያንዳንዳቸው 3.7 ቮልት ገደማ ናቸው። ሦስቱ በተከታታይ ተያይዘው ሲሞሉ 12.6 ይደርሳሉ፤ አራት ሲሆኑ 16.8። አራቱን ብትይዝ መሣሪያህ የሚቀበለውን ጣሪያ ልታልፍ ትችላለህ። ይህ ግን ትንሹ ችግር ነው። ከተጣለ ላፕቶፕ የወጡ ሴሎች እኩል አላረጁም። አንዱ ቀድሞ ይሞላል፣ አንዱ ቀድሞ ባዶ ይሆናል። እያንዳንዱን የሚቆጣጠር ሰርኪዩት ከሌለ አንደኛው ከመጠን በላይ ይሞላና ይግላል። ይህ ዓይነቱ ሊቲየም አንዴ መቃጠል ከጀመረ ደግሞ ውሃ ደፍተህ በቀላሉ የምታጠፋው አይደለም። አንተ የተቀመጥክበት ፕላስቲክ ነው፤ ዙሪያህ ውሃ ነው፤ የምትሸሽበት የለህም። ጎረቤትህ ጎበዝ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ይህን ግን እምቢ በለው።

የዩፒኤሱ ባትሪ ላይ ቆም እንበል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ነጻ የሆነበት ምክንያት ነው። ዓይነቱ ላንተ ይሆናል፦ 12 ቮልት፣ አብዛኛውን ጊዜ 7 ወይም 9 አምፒር ሰዓት፣ የታሸገ የእርሳስ ባትሪ፣ ቢያጋድል የማይፈስ፣ ክብደቱ ከ2 ኪሎ ብዙም የማይበልጥ። ነገር ግን ሰው ከዩፒኤስ ባትሪ የሚያወጣው መቼ ነው? ሲደክም ነዋ። ለዓመታት ግድግዳው ላይ ተሰክቶ፣ ሙቅ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ባትሪ ነው። አንዳንዱ አሁንም ነፍስ አለው። አንዳንዱ ቮልቱን አሳምሮ ያሳይህና ሐይቁ መሃል ላይ ስክሪንህን ያጠፋዋል።

ስለዚህ ፈትነው። ማታ ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርገው። ነቅለህ አሳድረውና ጠዋት በቴስተር ለካው። 12.7 ወይም 12.8 ካሳየ ተስፋ አለው። 12.3 ወይም 12.4 ከሆነ ሞልቶ አልያዘም ማለት ነው። 10.5 አካባቢ ከሆነ ከስድስቱ ክፍሎቹ አንዱ ሞቷል፤ አትድከም። ይህን ካለፈ ወደ ዋናው ፈተና ግባ። ባጃጅና ሞተር ሳይክል የሚሠሩ ቤቶች 12 ቮልት 10 ዋት የፍሬቻ አምፖል አላቸው። ጎረቤትህ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ አምፖልና ሶኬቱን ለምነው። አምፖሉን ከባትሪው ጋር አገናኘውና ሰዓትህን ያዝ። የሚስበው 0.8 አምፒር ያህል ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ቮልቱን ለካ፤ 11 ሲደርስ አጥፋው፣ ከዚያ አታውርደው። ጤነኛ ባለ 7 ባትሪ ወደ 7 ሰዓት ገደማ ያበራልሃል። አምስት ሰዓት ካበራ ለግማሽ ቀን ጉዞ ይሆንሃል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከፈዘዘ ለቆራሌው ስጠው። ፈተናውን ጓደኛህ ፊት አድርገው፤ ሁለተኛ የሞተ ባትሪ በነጻ እንዳይሰጥህ።

አሁን የእህትህ ሊቲየም። እኔን ከጠየቅከኝ ምርጫዬ እሱ ነው። ግን «ሊቲየም» ብቻ ብለህ እንዳታዝዝ። የምትፈልገው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ጎኑ ላይ 12.8 ቮልት ይላል። 11.1 ወይም 14.8 የሚል ከሆነ ያ ሌላው ዓይነት ነው፤ የላፕቶፑ ዘመድ። አይረን ፎስፌቱ ከእሱ ይልቅ ሙቀትን ይችላል፣ በቀላሉ አይነድም። ባለ 7 አምፒር ሰዓቱ ወደ አንድ ኪሎ ነው፤ የዩፒኤሱ ግማሽ። መልኩም ብዙ ጊዜ ከዩፒኤሱ ጋር አንድ ነው፣ ሣጥንህን መቀየር አያስፈልግህም። የታሸገው የእርሳስ ባትሪ በደንብ እያወረድከው ጥቂት መቶ ጊዜ ቢሞላ ነው። አይረን ፎስፌቱ ሺዎችን ይቆጥራል። ዋጋው ሲታይ ያስደነግጣል፤ ለዓመታት ሲካፈል ግን ርካሹ እሱ ነው።

አውሮፕላን ላይ ይከለከላል የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የሚቆጠረው ዋት ሰዓት ነው። ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ አባዛ። 12.8 ሲባዛ በ7፣ 89.6 ይመጣል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ትርፍ ባትሪ ተሳፋሪው ከራሱ ጋር በእጅ ሻንጣ ይዞት ይገባል። ከ100 እስከ 160 ባለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከ160 በላይ ተሳፋሪ አይዘውም። ባለ 10 አምፒሩ 128 ስለሚሆን ፈቃድ ይፈልጋል። ለዚህ ነው 7 ላይ ቁም የምልህ። የሚጫነው ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ጫፎቹ እንዳይነካኩ በናስትሮ ይጠቅለሉ። ዋት ሰዓቱ ጎኑ ላይ በግልጽ የታተመ ይሁን፤ ፈታሹ የሚያነበው እሱን ነው። የሚያመጣልህ ሰው ከመነሳቱ በፊት ለአየር መንገዱ አንድ ስልክ ይደውል፤ አንዳንዱ ከዚህም ያጠብቃል።

እህትህ ስታዝዝ ቻርጀሩንም አብራ ታዝዝ። ይህን እንዳትረሳ። የአይረን ፎስፌት ቻርጀር 14.4 ወይም 14.6 ላይ ያቆማል። በአሮጌ የመኪና ባትሪ ቻርጀር፣ በተለይ የደከመ ባትሪ «ያድሳል» የሚባለው ዓይነት፣ እንዳትሞክረው። ቮልቱን ከፍ አድርጎ ስለሚልክ ውስጡ ያለውን መቆጣጠሪያ ሊያቃጥል ይችላል። የሚሰካው እኛ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ደግሞ እስከ 240 ቮልት የሚቀበል መሆኑን ታጣራ። አሜሪካ 120 ነው። 120 ብቻ የሚለውን እኛ ቤት ብትሰካው አንዴ ጢስ አሳይቶህ ይሰናበታል።

ለጊዜው የዩፒኤሱን ካልክም ቻርጀሩ ትንሽ ይሁን፤ 1 አምፒር ግሩም ነው፣ ከ2 አይበልጥ። የአይሱዙ ባትሪ የሚሞላበት ቤት እንዳትወስደው። እዚያ ያለው ማሽን ትንሿን ባትሪ ያፈላታል፣ ሆዷን ይነፋታል። በ1 አምፒር ከግማሽ እስኪሞላ ሌሊቱን ይፈጃል። መብራት እንደሚጠፋ ታውቃለህ፤ ቅዳሜ ለመሄድ ከሆነ ሐሙስ ማታ ሰካው።

ወደ አገጣጠሙ። ብዙ ሰው ጥሩ ባትሪ ገዝቶ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ እንበል።

ባትሪው ከመቀመጫህ ጀርባ፣ በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ፣ መሃል መስመሩ ላይ ይቀመጥ። ወደ አንድ ጎን ከሆነ ቀኑን ሙሉ አጋድለህ ትቀዝፋለህ። ከዚያ እሰረው፤ በቀበቶ፣ በሰፊ ገመድ፣ በፈለግከው። ካያኩ ቢገለበጥ ሣጥኑ ተንሸራቶ መውጣት የለበትም።

ሣጥን ለማግኘት ሩቅ አትሂድ። አራት ጎኑ በመቆለፊያ የሚዘጋ፣ ክዳኑ ዙሪያ ላስቲክ ያለው የምግብ መያዣ ፕላስቲክ ገበያ ላይ ሞልቷል። ባለ 7 አምፒሩ ባትሪ ርዝመቱ 15፣ ወርዱ 6 ተኩል፣ ቁመቱ 9 ተኩል ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለፊውዙና ለሽቦው ሦስት አራት ጣት የሚተርፍ ምረጥ። ከሥሩና ከጎኑ ስፖንጅ ጠቅጥቅበት፤ ባትሪው ውስጥ ሆኖ መንቀሳቀስ የለበትም። ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳ ጎኑ ላይ፣ ከላይ በኩል ብሳ። ከታች ከበሳህ ሣጥኑ ሥር የተጠራቀመ ውሃ በእሱ ይገባል። ኤሌክትሪክ ዕቃ ቤት ኬብል ግላንድ በለው፤ ሽቦውን አንቆ የሚይዝ ባለ ላስቲክ ማጥበቂያ ይሰጥሃል። ዙሪያውን ሲልከን ቀባው።

ባትሪውን ከማስገባትህ በፊት ሣጥኑን ፈትሸው። ደረቅ ሶፍት አንጥፍበት፣ ድንጋይ ጨምርበት፣ ግላንዱን በሽቦው ላይ አጥብቀህ ክዳኑን ቆልፍ። የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልተህ ግማሽ ሰዓት አጥልቀው። ስትከፍተው ሶፍቱ ላይ ነጠብጣብ እንኳ ካየህ ያፈሳል። ከየት እንደገባ ከሶፍቱ እርጥበት ቦታ ታውቀዋለህ። ክዳኑ ከሆነ ሣጥኑን ቀይር፤ ላስቲኩን በሲልከን መጠገን ብዙ አይቆይም።

የእርሳስ ባትሪ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሣጥኑ እንደተዘጋ እንዳትሞላው። ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ሊወጣው ይችላል፤ በተዘጋ ቦታ ከተጠራቀመ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። አውጥተህ አየር ያለበት ቦታ ሙላው።

አሁን ያ እሳት ያልኩህ ጉዳይ። መሣሪያህ ግማሽ አምፒር ይስባል። ባትሪው ግን ሁለቱ ጫፎቹ በሽቦ ከተገናኙ በቅጽበት ብዙ አስር አምፒር፣ ከዚያም በላይ ይሰጣል። ቀጭን ሽቦ ያን አይችልም። ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ስፖንጁ ይያያዛል። ይህን የሚያቆመው አንድ ፊውዝ ነው። ፊውዙ ቀዩ ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ይግባ። ስክሪኑ ጋ ብታስቀምጠው ስክሪኑን እንጂ መሃል ያለውን ሽቦ አይጠብቅልህም። መጠኑን መመሪያው ይነግርሃል፤ ለትናንሾቹ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ 3 አምፒር ነው። የመኪና ዕቃ መደብር ሐምራዊዋን ባለ ሁለት እግር ፊውዝ ስጡኝ በል፣ ሐምራዊ 3 ናት። ውሃ የማያስገባ ክዳን ያለው የፊውዝ ቤትም አብረህ ግዛ። መለዋወጫ ሁለት ሦስት ኪስህ አድርግ። ፊውዙ ሲቃጠል በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ የለመድነው ነገር ነው። እዚህ ግን ብልጭልጩ ወረቀት ባትሪውን ለእሳት ያስረክበዋል። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ተነካክቷል፤ እሱን ፈልግ።

ሽቦው 1 ወይም 1.5 ካሬ፣ ባለ ብዙ ክር ይሁን። ለቤት የምንዘረጋው ባለ አንድ ክሩ ድርቅ ያለ ሽቦ በመነቃነቅ ይሰበራል። ከመሣሪያው የሚወጣው ገመድ ውስጥ ከቀይና ከጥቁር ሌላ ቀለም ያላቸው ቀጫጭን ሽቦዎች ልታገኝ ትችላለህ። እነሱ ለመረጃ ናቸው፤ እያንዳንዱን ለብቻው በናስትሮ ጠቅልለህ ተዋቸው። ቀይ ከፖዘቲቭ፣ ጥቁር ከኔጌቲቭ። ከመሰካትህ በፊት በቴስተር አረጋግጥ፤ ተገላቢጦሽ ከሆነ መሣሪያው በአንድ ሰከንድ ሊሄድብህ ይችላል። መጋጠሚያዎቹን በስታኞ አስበይድ፣ በሙቀት የሚኮማተረውን ቱቦ አልብሳቸው። ባትሪው ጫፍ ላይ የሚሰካው ጠፍጣፋ ማያያዣ ሁለት ስፋት አለው፦ 4.8 እና 6.3 ሚሊ ሜትር። ባትሪህን ይዘህ ሂድና እዚያው ለካ። የላላ ማያያዣ ማዕበል ሲመታህ ስክሪኑን ያበራ ያጠፋዋል፤ አንተ ደግሞ ባትሪው ነው ብለህ ባትሪ ትቀይራለህ።

ሣጥኑና ስክሪኑ መሃል የሚነቀል ሶኬት አድርግ። በባትሪው በኩል የሚቀረው ግማሽ ብረቱ የተሸፈነው፣ ሴቴው፣ ይሁን። ነቅለህ ስትተወው ብረት ወይም እርጥብ መረብ ነክቶት እንዳይገናኝ ነው። ጫፎቹን ቫዝሊን ቀባ ቀባ አድርጋቸው። ማታ ሁልጊዜ ንቀለው፤ አንዳንድ መሣሪያ ጠፍቶም ጥቂት ይመጥጣል። የባትሪውን ገመድ ደግሞ ውሃ ውስጥ ከሚገባው የድምፅ ላኪ ገመድ ጋር አንድ ላይ አትሰር። ጎን ለጎን ሲሄዱ ስክሪኑ ላይ ዓሣ የሚመስል ነጠብጣብ ይዘንብልሃል። ቆሮሶ ነው ብለህ ቀኑን ሙሉ ባዶ ውሃ ላይ ትቆማለህ።

ውሃ ላይ ስትሆን ስክሪኑ የባትሪውን ቮልት ያሳይሃል። የእርሳሱ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ወደ 12.2 ሲቃረብ ግማሹ አልቋል። ሊቲየሙ ግን ቀኑን ሙሉ 13 አካባቢ ቆሞ ይቆይና መጨረሻ ላይ በአንዴ ይከዳሃል። 12.8 ካየህ የቀረህ ጥቂት ነው፣ ሰብስብ። ዝም ብሎ ከጠፋ አትደንግጥ፤ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ራሱን ዘግቶ ነው፣ ቻርጀር ላይ ስትሰካው ይነሳል።

ሸዋ ሮቢት ሙቀቱን ታውቀዋለህ። ባትሪ ደግሞ ሙቀት ጠላቱ ነው፤ በተለይ የእርሳሱ በሙቀት ውስጥ ዕድሜው በብዙ ያጥራል። ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከካያኩ ጋር አትተወው፣ አልጋ ሥር አድርገው። የእርሳሱን ሁልጊዜ ሞልተህ አስቀምጥ፤ ባዶውን ወር ከተውከው አይመለስም። ሊቲየሙን ለረጅም ጊዜ የማትነካው ከሆነ ግማሽ አካባቢ ይበቃዋል። ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት አድረህ የምትሞላው ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ ባትሪ ጠዋት ወዲያው እንዳትሰካው። ቤት አስገባው፣ ይሙቅ፣ ከዚያ።

ስልክህን በተመለከተ፦ ትችላለህ፤ ባታደርገው ግን ይሻላል። ከ12 ቮልት ወደ ስልክ የሚቀይሩት ርካሽ ቻርጀሮች መሣሪያውን ይረብሻሉ፣ ስክሪኑን በመስመር ይሞሉታል። ስልኩም ከዓሣ መፈለጊያው የበለጠ ሊበላብህ ይችላል። ለስልኩ ፓወር ባንክ ያዝ፤ በላስቲክ ጠቅልለህ ጃኬትህ ኪስ ውስጥ ክተተው።